ሠላሳ ወደብ ለአትርሳው

ቀይ መስመር። ዛሬም ቀይ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።
«ግንኙነቱ ተቋርጧል»፤ ዘጠነኛው ሌሊት፣ ያው መልእክት።
የይዞታ መዝገብ ሁሉ፣ የዘንዘልማ ማሳ፣ የሽምብጥ ቦታ፣
የመበለት ድርሻ፣ የወንድማማች ሙግት የማይፈታ፣
በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ባንድ ያረጀ ዲስክ ላይ ተኝቷል፤
ከዓባይ ድልድይ ማዶ አትርሳው ቅጂውን ይጠብቃል።

አትርሳው ያልነው እኛ ነን፣ የመጠባበቂያውን ሰርቨር፤
ስም ያልወጣለት ማሽን፣ ይላል አንማው፣ ይለግማል በስውር።
የእሳት ግንቡን የሚጠብቀው ደግሞ ስሙ ይርሳው ነው፤
(ይህን ቅኔ እግዜር ራሱ ነው የዘረፈው።)

ይርሳው ክፉ ሰው አይደለም። በሩን ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ
አንዲት ፖርት ተወልኝ፤ እሷንም ሦስት ማመልከቻ አስጽፎ፣ ማኅተም አይቶ።
«አንድ አይበቃም?» አለኝ። «ማን ነው ለአንድ ቤት ሺህ በር የሚያበጅ?
ጅብ የሚገባው እኮ በተረሳው ደጅ።»
«ሰላምታው ባንዱ በር ያልፋል» አልኩት፤ «ጭነቱ ግን ሌላ ደጅ ይሻል፤
እያንዳንዱ ጉዞ የራሱን፤ ያን ካጣ መንገድ ላይ ይቀራል።»
ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ቃል አልወጣውም።
እኔም አልገፋሁም። ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ ደህና አልተኛሁም።

ሲነጋ ወደ ወደቡ ወረድኩ፤ አባቴ ወደሠራበት፣
ሃያ ስድስት ዓመት በፉጨት ብቻ ጀልባ ወዳስተኛበት።
ተራ አስከባሪ ነበር፤ ማዕረግ የለው፣ ቆብ የለው፤
ጀልባው ሁሉ ግን ዓይን ዓይኑን ያያል፣ የት ልቁም ብሎ ሲጠጋው።
የዘጌው ማገዶ ጫኝ እዚህ፣ የደቁ ማሽላ ከግንዱ ሥር፣
የጎርጎራው ትልቁ ዘግይቶ ነው የሚደርስ፤ ለእሱ ጥልቁን ዳር፤
የደንገል ታንኳዎች ከድንጋዩ ግርጌ፣ ተደርድረው እንደ ማገር።
አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ግን ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤
ከሾላው ሥር ተቀምጦ እምቦጩን ይሳደባል።

ነገርኩት። ፖርት ማለት፣ አልኩት፣ የማይታይ ወደብ፤
ስድሳ አምስት ሺህ አለ፣ በአንድ ማሽን ወገብ።
ሳቀ። «ስድሳ አምስት ሺህ! ጣና ራሱ ይህን ያህል ዳር የለው!
ሁሉንም ክፈት ብለሽ ነው ሰውዬው የፈራው?»
«አይ፣ ዘጋው» አልኩ። «አንድ ብቻ ቀረ።»
እምቦጩን በከዘራው እያሳየ ተናገረ፦
«ዳሩን ሁሉ ብትከፍቺው ይሄ አረም ይወርሰዋል፤
ሁሉን ብትዘጊው ጀልባው ከነጭነቱ ማዕበል ላይ ያድራል።
እኔ ምን አደረግሁ መሰለሽ? ችካል ተከልኩ፤ ከዚህ፣ እስከዚህ።
ስንት ጀልባ ባንዴ ይደርሳል? ቆጠርኩ፤ ወረቀት የለኝ፣ በጣቴ፣ እንዲህ።
ለዚያ ያህል ስፍራ። ለዘገየ ደግሞ ጥቂት ትርፍ።
ሌላው ዳር ለሣሩ፣ ለጉማሬው፣ ለወፍ።»

ቢሮ ገባሁ፤ ቆጠርኩ። ስድስት ማሽን፣ በየአንዱ አራት ጉዞ፤
ሃያ አራት፤ ለዘገየ ስድስት። እጄ ጻፈው፣ ያባቴን ጣት ይዞ፦
«ከሃምሳ ሺህ ጀምሮ እስከ ሃምሳ ሺህ ሃያ ዘጠኝ፤
ከነዚህ ስድስት በቀር በዚያ ደጅ ማንም አይገኝ።»
ያንኑ ወሰን በየማሽኑ አሰፈርኩ፣ በአትርሳውም ላይ እንዲሁ፤
አራተኛዋን ግን፣ የይርሳው ስም ተጋብቶብኝ፣ ረሳሁ፤
ተመለስኩላት።

ይርሳው ሁለቴ አነበበው። መነጽሩን ገፋ።
«ወሰን ካለውማ…» አለ። አልጨረሰውም፤ ፈረመና ጠፋ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት። መብራት ሄዶ መጥቷል፤
ጀነሬተሩ አንዴ ሳለ፣ ከዚያ አደብ ገዝቷል።
የመጀመሪያው ጉዞ ሃምሳ ሺህ ላይ ቆመ፤ ሁለተኛው ከጎኑ፤
የዘንዘልማው፣ የሽምብጡ፣ ተራ ይዘው ወረዱ፣ በየወገኑ።
አሥራ ዘጠነኛው ደጁን አልለቅ አለ፤ ተከታዩ ትርፉን ስፍራ አገኘ፤
እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ፣ ልቤ እስከ ማዶ ዋኘ።

ጠዋት ከሾላው ሥር «ስንቱ ገባ?» አለኝ አባቴ።
«ሃያ ሦስቱ» አልኩት፤ «አንዱ ገና ነው።» ዘመም አለ አንገቴ።
ደህና ነው አላለኝም። ሁለት ጣቱን ወደ አፉ አስገባ፣
ሰው በሌለበት ውሃ ላይ አፏጨ፤ ረጅም፣ እንደ ድሮው፣ ለዘገየ ጀልባ።